ያልተገዛችው ከተማ፤ ስለ «ኪዛዚ ሞቶ» አሥር ፊልሞች

ስለ ካርቱን ሂስ መጻፍ በእኛ አገር ብዙም አልተለመደም። ሥዕሉ ከተንቀሳቀሰ የልጆች ነው፣ የልጆች ከሆነ ደግሞ ሐያሲ አያሻውም የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። በበኩሌ ይህን አስተሳሰብ የምቃወመው ለካርቱን ተቆርቁሬ አይደለም። አንድ ሕዝብ ስለ ወደፊቱ ምን እንደሚያልም ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ለአዋቂ ከሚጻፈው ልብ ወለድ ይልቅ ለልጆች የሚታየውን ሥዕል ቢመረምር ቶሎ ይደርስበታል ብዬ ስለማምን ነው። ስለዚህ አንባቢዬ ዛሬ ትንሽ ይታገሠኝና ስለ አሥር አጫጭር የካርቱን ፊልሞች ላውጋው።

ፊልሞቹ «ኪዛዚ ሞቶ» በሚል የወል ስም ተሰባስበው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በዲዝኒ ኩባንያ የኢንተርኔት ማሰራጫ ወጡ። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ የእሳት ትውልድ እንደማለት ነው። ሥራውን የመራው ትሪገርፊሽ የተባለው የኬፕ ታውን ስቱዲዮ ሲሆን፣ ከበላይ ሆኖ ያዘጋጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የሸረሪት ሰው ካርቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ዳይሬክት አድርጎ ኦስካር የተሸለመው ፒተር ራምሲ ነው። ዳይሬክተሮቹ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚምባብዌ፣ ከዩጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከግብፅ የመጡ ናቸው። ፊልሞቹ በታሪክም በገጸ ባሕርይም አይገናኙም። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ብንናገር የአጭር ልብ ወለድ መድበል ማለት ነው፤ የሚያስተሳስራቸው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መሆናቸውና አፍሪካ ውስጥ መፈጸማቸው ብቻ ነው። ከአሥሩ አምስቱ የደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከኢትዮጵያ አንድም የለም።

በመጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ለዓይን እንዲህ ያለ ድግስ ከአህጉራችን ወጥቶ አላየሁም። በ«ቢጫ ወባ» ፊልሟ የጥቁር ሴቶችን ቆዳ የማንጣት አባዜ ያሳየችን ኬንያዊቷ ንጌንዶ ሙኪ፣ «ኤንካይ» በተሰኘው ሥራዋ የማሳይን አምላክ ስም ለአንዲት ሕፃን ሰጥታ የእናትና የልጅ ታሪክ ትነግረናለች፤ ሥዕሉ እጅ የዳሰሰው፣ ጣት ያረፈበት ይመስላል። «ሰርፍ ሳንጎማ» ባሕር ከፍ ባለባት የነገዋ ደርባን ውስጥ ውሃውን ያስፈራል። «ሃቲማ» የባሕር ሰዎችንና የምድር ሰዎችን ጠላትነት ሲያሳይ ቀለሙ ራሱ ወገን ይለያል። እነዚህ ሰዎች መሣል ያውቃሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ የሚጀምረው ታሪኩ ላይ ነው። አሥሩን በተከታታይ ያየ ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ አምስተኛውን መተንበይ ይችላል። አንድ ልጅ አለ፤ ሰዎች ይንቁታል፤ ወይም እሱ ራሱ ሥሩን ንቋል። ችግር ይመጣል። የአያት መንፈስ፣ ወይም የአያት ዕቃ፣ ወይም የአያት ምክር ይገለጥለታል። ልጁ ማንነቱን አውቆ ያሸንፋል። ሁሉም እንዲህ አይደሉም፤ የሚበዙት ግን እንዲህ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲዝኒ ለቤተሰብ የሚሆን ነገር ይፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዓለም ፈጥሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ጠላት አምጥቶ፣ አያት አስነሥቶ ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው፣ አያቱን ቁጭ አድርጎ ለማነጋገር ጊዜ የለውም። ስለዚህ የእነዚህ ፊልሞች ቅድመ አያቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥበበኞች፣ ደጎች፣ እርስ በርሳቸው የማይጣሉ።

ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው የብዙ ተመልካች ምርጫ በሚሆነው በዚምባብዌው «ሙኩድዜይ» ላይ ነው። በኢንተርኔት ዝናን የሚያሳድድ አንድ ጎረምሳ ታላቋ ዚምባብዌ በተባለው የድንጋይ ፍርስራሽ ውስጥ ሲቀልድ ይንሸራተትና ሌላ ዓለም ውስጥ ይወድቃል። በዚያ ዓለም አገሩ በቅኝ ግዛት አልተያዘችም። ፍርስራሹ ፍርስራሽ አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ከተማ ነው። ልጁ ያፍራል፣ ይማራል፣ ይመለሳል።

ለዚምባብዌ ሰው ይህ ሕልም ምን ያህል እንደሚያስለቅስ ይገባኛል። ያን ፍርስራሽ የሾና ሕዝብ አባቶች ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ድረስ ያለ አንዳች ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ የሠሩት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1871 ቦታውን ያየው ጀርመናዊው ካርል ማውክ ጥቁር ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም ብሎ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት አደረገው። አንባቢዬ እዚህ ላይ ቆም ይበልልኝ። የእኛ ማክዳ፣ የምንኮራባት ንግሥት፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ለሚገኙ ሰዎች የገዛ ድንጋያቸውን መንጠቂያ ሆና አገልግላለች። የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት ይህን የመሰለውን ተረት እስከ መጨረሻው ድረስ ተንከባክቦታል። ስለዚህ የዚያ አገር ወጣቶች «ባንገዛ ኖሮ» ብለው ቢያልሙ መብታቸው ነው።

ነገር ግን እኔ ፊልሙን ያየሁት ሸዋ ሮቢት ነው። እዚያ ተቀምጦ ላየው ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። እኛ ያልተገዛነው ነን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የአምስት ዓመት ወረራ በቀር ሙኩድዜይ የወደቀባት ዓለም የእኛው ዓለም ናት። ታዲያ የሚያብረቀርቀው ከተማ ወዴት አለ?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ተረተሩ ሲያቀኑ፣ የራሳችን ፍርስራሾች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አስባሪን፣ ኖራንና ማሳልን የመካከለኛው ዘመን የእስላም ከተሞች መሆናቸውን ለዓለም አስታወቁ። የአካባቢው ሰው እንኳ ቀድሞም ያውቃቸው ነበር። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል፤ በዙሪያው የድንጋይ ቤቶች መሠረትና መቃብሮች አሉ። ይህ የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። ዑመር ወላስማዕ የጥንቱን የሸዋ ሱልጣኔት እ.ኤ.አ. በ1285 ጠቅልሎ ያቆመው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን አል-ኡመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ ጫቱን እንኳ ሳይቀር የመዘገበለት፣ ወደ ዘይላ በሚወርደው የንግድ መንገድ የከበረ መንግሥት ነበር።

ይህን መንግሥት ቅኝ ገዥ አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረዲን ጋር ተዋጋ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ቀጠሉ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰዓደዲን ዘይላ ላይ እስኪገደል ድረስ ጦርነቱ አላባራም። የወላስማዕ ዘር ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ አዳልን አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሁን አንድ የይፋት ጎረምሳ ኖራ ፍርስራሽ ውስጥ ሲቀልድ ተንሸራቶ ቢወድቅ የሚያገኘው አያት የትኛው ነው? የዓምደ ጽዮን ወታደር ነው ወይስ የሰብረዲን? ሁለቱም አያቶቹ ቢሆኑስ? ይፋት ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በጋብቻም በገበያም የተጋመዱ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰው ይህን ለማየት መነጽር አያሻውም። እንዲህ ያለው ልጅ አያቶቹን ሲያስነሣ አያቶቹ ጎራዴ ተማዝዘው ይነሣሉ።

«ሙኩድዜይ» ይህን ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም። ታሪክ አንድ ጠላት ብቻ እንዳለው፣ ያ ጠላት ባይመጣ ኖሮ ሁሉ ነገር እንደሚሰምር አድርጎ ያስባል። የፊልሙ ድክመት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልነፍገውም፤ ጎረምሳው ድንጋዩ ፊት ሲያፍር የሚታይበት ቅጽበት እውነተኛ ነው። ድንጋይ ፊት ማፈር እኛም ብንለምደው የማይጎዳ ነገር ነው። ኖራ ላይ ፍየል ሲግጥ አይቼ ፍየሉን አልወቅሰውም።

ስለ አተያዬ ጥቂት ልበል። ዲዝኒ ይህን መድበል ሲያወጣ አገልግሎቱ በአገራችን አይሸጥም ነበር። ስለ አፍሪካ ነገ የተሠራ ሥራ አብዛኛው አፍሪካዊ በሕጋዊ መንገድ ሊያየው አለመቻሉ ራሱ አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይወጣዋል። እኔ ያየሁት ከውጭ በመጣ ዘመድ ኮምፒዩተር ነው። የጣርማበርን ዋሻ አልፌ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርጄ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። የቀትሩ ሙቀት ከቤት ስለማያስወጣ ስድስት ሰባት የሠፈር ልጆች፣ የዘመዴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አርጎባ ባልቴትና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ተኮልኩለን ተመለከትን።

ፊልሞቹ በአብዛኛው የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ዘዬው የየአገሩ ቢሆንም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እኔ በትርጉም ፊልም ተራኪዎች ወግ፣ በአንድ ድምፅ ለሁሉም እየተናገርኩ ማስተርጎም ያዝኩ። ይህ የቪዲዮ ቤት ጥበብ በሐያስያን ዘንድ ይናቃል እንጂ ፊልምን የመፈተኛ ጥሩ ወንፊት መሆኑን ያን ቀን አየሁ። በሌላ ቋንቋ ሲተረክ የሚቆም ታሪክ አለ፤ የሚፈርስ አለ። «ሃቲማ» ያለ ችግር ቆመ። የደቡብ አፍሪካው «ዩ ጊቭ ሚ ኸርት»፣ ስለ ዝናና ስለ ተከታይ ብዛት የሚቀልደው፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈረሰብኝ፤ ቀልዱ ሁሉ ስልክ ውስጥ የቀረ ቀልድ ነበር። «ኤንካይ» ላይ ባልቴቷ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆይተው «ልጄ፣ ልጅቱ እናቷን ምን አለቻት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ እናቲቱ ለምን አትቆጣትም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ሳስበው የእርሳቸው ጥያቄ ይመጣብኛል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ወላጅ ይመክራል፣ ይሠዋል፣ ያለቅሳል፤ አይቆጣም። አፍሪካ ውስጥ የማይቆጣ ወላጅ ከሚበርር መኪና ይልቅ ልብ ወለድ ነው።

ልጆቹ ጉጉት ያሳዩት በዩጋንዳው «ኸርደርቦይ» ነው። ዳይሬክተሩ ሬይመንድ ማሊንጋ ካምፓላ ላይ የራሱን ስቱዲዮ ያቆመ፣ ቀልድና ፍርሃት ማቀላቀል የሚችል ሰው ነው። በነገዋ ዩጋንዳ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ብረት የሆኑ እረኞች ከብቶቻቸውን ከክፉ ነገር ሲከላከሉ እናያለን። እረኛን የጠፈር ዘመን ጀግና ማድረግ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ለቆላ ልጅ ደግሞ እጥፍ ድርብ ግሩም ነው። ሆኖም ከልጆቹ መካከል ከትምህርት ቤት መልስ ከብት የሚጠብቀው አንዱ ራሱን ነቅንቆ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ከብት ጠብቆ አያውቅም» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ከብቶቹን ዞር ብሎ አያያቸውም።»

እውነቱን ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁሉም ጠላትን ያያል። ከብቶቹ የሚጠበቁ ንብረቶች እንጂ ጠባይ ያላቸው ፍጥረቶች አይደሉም። ዝንብ የለም፣ ፋንድያ የለም፣ የምትሰርቅ ላም የለችም፣ ጠብ የሚፈልግ ወይፈን የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ የለም። የእረኝነት ሥራ ዘጠኝ እጁ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ውሃው የት እንደደረቀ፣ የጎረቤቱ መንጋ በየት እንደወረደ፣ የትኛዋ ጊደር ዛሬ ደብሯት እንደዋለ። አሥር ደቂቃ ያላት ፊልም ይህን ሁሉ ልታሳይ አትችልም ይባል ይሆናል። እኔ አንዷን ደቂቃ ለዚህ ብትሰጥ የቀሩት ዘጠኙ ይሠምሩ ነበር እላለሁ። የጨረር ተኩሱም ቢሆን እንደታሰበው አላስደነቀም። ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ገብቶ ነበርና፣ እነዚህ ልጆች ተኩስን ከፊልም የተማሩ አይደሉም።

አሥሩ ሲያልቁ አንዲት ልጅ «የእኛ አገሩ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ለምን እንደሌለ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን መመለስ የምፈልገው ጥያቄ እርሱን ነበር።

ምናብ ጠፍቶ አይደለም። ክብረ ነገሥትን የገለጠ ሰው ሰሎሞን ለንግሥቲቱ በአየር ላይ የምትሄድ መንኰራኵር እንደሰጣት ያነባል፤ የምኒልክ ሠረገሎች ከምድር ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሲያቋርጡ ያያል። ይህ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ ነው። በእኛው ዘመን ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጠፈር ሳይንቲስትና የጣና ገዳም በአንድ መጽሐፍ አገናኝቶ እንደ ዳቦ ተሸምቷል። ሥነ ጽሑፋዊ ጉድለቱን ብዙዎች ተናግረዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ሆኖም አንባቢ ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ምን ያህል ተርቦ እንደነበር ያሳየን እርሱ ነው። በፊልምም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ዳሎልን የዓለም ፍጻሜ አገር አድርጎ፣ ዳንኤል ታደሰን ዋና ተዋናይ አድርጎ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታቦት የሚከበርበትን ዘመን አሳይቶናል። በጣም የወደድኩት ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ቆላችንን እንደ ጠፈር ያየልን እንግዳ ነው።

በአኒሜሽን ረገድ ብዙ ሰው ያላየው አንድ ሥራ አለ። ኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የሚል አጭር ፊልም ሠርቷል። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፍረው አንዱ ከፈለ፣ አንዱ መልስ ሳይሰጠው ቀረ፣ አንዷ ሳትከፍል አመለጠች የሚለውን ሁላችን የምናውቀውን ጨዋታ፣ በሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶ እያነሣ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እንደገና እየሣለ አንቀሳቅሶታል። ቀለሙ በቀለም ላይ ሲደረብ የአዲስ አበባ ጎዳና ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይደለም። ነገር ግን «ኪዛዚ ሞቶ» ያጣውን ነገር ይዟል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ፣ ለአጭር ጊዜ የተፈጠረ ታሪክ አለው።

እዚህ ላይ ከሌላ መድበል ጋር ላነጻጽር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚያወጣው «ላቭ፣ ዴዝ ኤንድ ሮቦትስ» ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ ደሙና ራቁቱ ከመጠን አልፎ የሚያሰለች ብዙ ክፍል አለው፤ ለልጆች አይታይም። ጥሩ ጥሩዎቹ ግን ጥሩ የሆኑበት ምክንያት አለ። አብዛኞቹ አስቀድሞ ከታተሙ አጫጭር ልብ ወለዶች የተወሰዱ ናቸው። ከአላስቴር ሬይኖልድስ ድርሰት የተወሰደው «ዚማ ብሉ» አንድ ዝነኛ ሠዓሊ መነሻው የመዋኛ ገንዳ የሚያጸዳ ማሽን እንደነበር በጥቂት ደቂቃ ሲነግረን የማይሮጥበት፣ ጸሐፊው ቀድሞ ስላሰበለት ነው። እኛ አጭር ልብ ወለድ አለን፤ ተረት ሞልቶናል፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ነገን የሚጽፍልን ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሥዕሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒዩተርና የሥዕል ፕሮግራም የያዙ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ በእጃቸው የሚሰጣቸው ታሪክ የለም።

የመድበሉን ምርጥ ሥራ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የናይጄሪያዊው ሾፌላ ኮከር «ሞሬሚ» ነው። ሞሬሚ በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ የምትነገር የኢፌ ጀግና ናት፤ ሕዝቧን ከወራሪ ለማዳን ለወንዙ መንፈስ ስለት ተስላ፣ ስለቱ አንድ ልጇን ሆኖባት የከፈለች። አፈ ታሪኩ እናቲቱን ያወድሳል። ኮከር ይህችን ሴት የነገ ዘመን ሳይንቲስት አደረጋትና ታሪኩን ወደ ልጁ አዞረው። ግዙፍ ፍጥረቶች የሚያሳድዱት ብቸኛ የመንፈስ ልጅ እናያለን፤ ማን እንደሆነ አያስታውስም። ሲያስታውስ ደግሞ የሚያስታውሰው የእናቱን ጀግንነት ሳይሆን የራሱን መሰጠት ነው።

እዚህ አያት ጥበበኛ ሆኖ አይመክርም። እዚህ አገር ዳነች፣ ልጅ ግን ተከፈለ፤ የተከፈለው ልጅም ለምን እኔ ብሎ ይጠይቃል። ፊልሙ የእናቲቱን ውሳኔ ስሕተት ነበር አይልም፤ ትክክል ነበር ብሎም አያጽናናንም። ሸዋ ሮቢት ላይ ስተረጉመው ክፍሉ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። የዓምደ ጽዮንንና የሰብረዲንን ፊልም የሚሠራ ሰው ከተገኘ በመጀመሪያ ይህን ይየው፤ ከዚያ ሁለቱን ነገሥታት ትቶ በሁለቱም ወገን ተልከው ያልተመለሱትን ልጆች አያቶች ያድርጋቸው።